ታማሚው ልጅ፣ ሠልጣኙ ወላጅ

የስድስት ዓመት ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቦርሳውን ሳያወርድ መታጠቢያ ቤት ገብቶ እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ ቧንቧውን ሲዘጋ እጁ መዝጊያውን ስለነካ እንደገና ከፍቶ ይታጠባል። «እማዬ፣ እጄ ንጹሕ ነው?» ይላል። «ንጹሕ ነው የኔ ጌታ» ትለዋለች። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ይጠይቃል፤ ያንኑ ትመልሳለች። ማታ ማዕድ ሲቀርብ እንጀራውን በእጁ መንካት ስለሚፈራ እናቱ ታጎርሰዋለች። ሳምንታት ሲያልፉ ቧንቧውን የምትከፍትለትም የምትዘጋለትም እሷ ትሆናለች። አባቱ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ደጃፍ ላይ እንዲቀይር ይገደዳል፤ ታላቅ እህቱ የእሱን ወንበር እንዳትነካ ትጠነቀቃለች። ታሪኩ የአንድ የታወቀ ቤት አይደለም። የሕፃናት ኦሲዲን የሚያክሙ ባለሙያዎች በየአገሩ ደጋግመው የሚሰሙት የሕመሙ የተለመደ አካሄድ ነው።

ኦሲዲ የተባለው የአእምሮ ሕመም ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው ሳይጠሩት እየመጣ የሚያስጨንቅ ሐሳብ ነው፤ በጀርም ተበክያለሁ፣ ቤቱ ይቃጠላል፣ እናቴ ትሞታለች፣ ኃጢአት ሠርቻለሁ የሚል። ሁለተኛው ያንን ጭንቀት ለማብረድ የሚደጋገም ድርጊት ነው፤ መታጠብ፣ መቁጠር፣ በሩን መፈተሽ፣ ዕቃ መደርደር፣ አንድን ጥያቄ ሳይሰለቹ መጠየቅ። ከ100 ልጆች አንዱን ወይም ሁለቱን እንደሚያጠቃ ይገመታል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በ10 ዓመት ግድም ቢሆንም በ4 እና በ5 ዓመታቸው የሚታመሙም አሉ፤ በዚህ ለጋ ዕድሜ ከሚታመሙት ወንዶቹ ይበዛሉ። ማንኛውም ሕፃን የለመደው ነገር እንዲጓደልበት አይወድም። መኝታ ላይ ያው ተረት እንዲነገረው፣ ያው ብርድ ልብስ እንዲለብስ ይፈልጋል፤ ይህ ጤነኛ ልጅነት ነው። ሕመም የሚባለው ድርጊቱ ቀኑን ሲበላ፣ ልጁን ከጨዋታና ከትምህርት ሲነጥለው፣ ሲከለከል ደግሞ በድንጋጤ ሲያንቀጠቅጠው ነው።

ለዚህ ሕመም ፍቱን የሆነው ሕክምና ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በ1966 ለንደን በሚድልሴክስ ሆስፒታል የሚሠራው ቪክቶር ማየር፣ ሌላ ሕክምና ያልረዳቸው ሁለት ታማሚዎች የሚፈሩትን ነገር እንዲነኩ አድርጎ ከዚያ በኋላ እንዳይታጠቡ ከለከላቸው። ጭንቀቱ መጀመሪያ ጨመረ፤ ውሎ አድሮ ግን በራሱ በረደ። ዘዴውን በጥናት አጎልብተው ለዓለም ካዳረሱት አንዷ በ1937 ሃይፋ ላይ የተወለደችው፣ ኋላም በፊላደልፊያ የሠራችው ኤድና ፎአ ናት። ሕክምናው «መጋፈጥና ድርጊቱን መከልከል» ሊባል ይችላል። የሚፈሩትን በትንሽ በትንሹ መጋፈጥ፣ ከዚያም የሚያሳርፈውን ድርጊት ሳይፈጽሙ መቆየት ማለት ነው።

በልጆች ላይ የመጣው ትልቁ ማስረጃ በ2004 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ጥናት ነው። ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 112 ልጆች ተሳተፉበት። ይህን የንግግርና የልምምድ ሕክምና ብቻ ካገኙት 39 በመቶ ያህሉ ከሕመሙ ምልክት ሲላቀቁ፣ ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 21 በመቶ፣ ሁለቱን አጣምረው ካገኙት ደግሞ 54 በመቶ ያህሉ ተላቀቁ። ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው የተላቀቁት ከ4 በመቶ በታች ነበሩ።

የ5 ዓመት ልጅ ግን የ15 ዓመት ልጅ አይደለም። «ይህ ሐሳብ የመጣው ከሕመሜ ነው» ብሎ ራሱን ከሐሳቡ ሊለይ አይችልም፤ የተሰጠውን የቤት ሥራ አስታውሶ አይሠራም፤ ለምን ሐኪም ዘንድ እንደመጣም አይገባው ይሆናል። በዚያ ላይ ድርጊቱን የሚፈጽመው ብቻውን አይደለም። መልሱን የምትሰጠው እናት ናት፤ ሳሙናውን የሚገዛው አባት ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1995 ቤተሰብ ለሕመሙ ምን ያህል እንደሚታዘዝ መለካት ከጀመሩ ወዲህ በተደጋጋሚ እንደታየው፣ አብዛኞቹ ወላጆች በሆነ መልክ በድርጊቱ ውስጥ ገብተዋል። የሚያስገባቸው ፍቅር ነው። ልጅ ሲያለቅስ ማን ዝም ብሎ ያያል? ነገር ግን «ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል ልጁን የሚያሳርፈው ለደቂቃ ነው፤ ፍርሃቱ ተመልሶ ሲመጣ ያንን ቃል ይበልጥ ይፈልገዋል። ሕመሙ የሚደልበው በዚህ ነው። ስለዚህ ለትንንሾቹ በተዘጋጀው ሕክምና የሚሠለጥነው ወላጅ ነው።

በ2014 የጄኒፈር ፍሪማን ቡድን ከ5 እስከ 8 ዓመት በሆኑ 127 ልጆች ላይ ያደረገው ጥናት ታተመ። ግማሾቹ ቤተሰቦች በ14 ሳምንት ውስጥ የመጋፈጡን ሕክምና ወላጅ አሠልጣኝ ሆኖ ተማሩ፤ የቀሩት ሰውነትን የማዝናናት ልምምድ ተሰጣቸው። ከመጀመሪያዎቹ 72 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 41 በመቶ ልጆች በግልጽ ተሻላቸው። በዚያው ዓመት የአዳም ሌዊን ቡድን ወደ 3 ዓመት ሕፃናት ወረደ። በ31 ልጆች ላይ በተደረገው በዚህ አነስተኛ ጥናት በሳምንት ሁለቴ፣ በጠቅላላው 12 ጊዜ ከቤተሰብ ጋር ተሠርቶ 65 በመቶ ልጆች ሲሻላቸው፣ የተለመደውን ክትትል ካገኙት የተሻላቸው 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ደግሞ ዮናታን ኮመርና ባልደረቦቹ ከ4 እስከ 8 ዓመት የሆኑ 22 ልጆችን ይዘው ያው ሕክምና በኮምፒውተር ስክሪን በኩል እቤት ድረስ ሊሰጥ እንደሚችል አሳዩ። ከክሊኒክ ርቆ ለሚኖር፣ ወይም በፈረቃ ለሚሠራ ወላጅ ይህ የመጨረሻው ግኝት ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ አንድ እርምጃ የሚያልፈው መንገድ የተወጠነው በእስራኤል፣ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፕሮፌሰር ሓይም ኦሜር የጋንዲንና የማርቲን ሉተር ኪንግን ሰላማዊ ትግል ወደ ቤት አምጥቶ፣ ከአስቸጋሪ ልጅ ጋር ሳይጮሁ፣ ሳይማቱ፣ እጅም ሳይሰጡ ጸንቶ መቆም እንደሚቻል አስተማረ፤ በ2004 መጽሐፍ አወጣበት። ኤሊ ሌቦዊትዝ ይህን ሐሳብ ይዞ በዬል የሕፃናት ጥናት ማዕከል ለሚጨነቁ ልጆች ወላጆች ሕክምና አዘጋጀ፤ ሁለቱም በ2013 በጋራ መጽሐፍ ጽፈዋል። «ስፔስ» በሚባለው በዚህ ሕክምና ባለሙያው የሚያገኘው ወላጆችን ብቻ ነው። ልጁ ክሊኒኩን ላያየው ይችላል። በ2019 ይፋ በሆነው ጥናት ከ7 እስከ 14 ዓመት የሆኑ 124 የጭንቀት ሕመም ያለባቸው ልጆች ተሳትፈው፣ ወላጆቻቸው ብቻ የሠለጠኑላቸው ልጆች ራሳቸው ከታከሙት ያላነሰ ተሻላቸው። ጥናቱ በዋናነት ኦሲዲ ያለባቸውን ልጆች የሚመለከት እንዳልነበረ መታወቅ አለበት። በኦሲዲ ረገድ ጠንካራው ማስረጃ ወላጅና ልጅ አብረው የሚሠሩበት ሕክምና ነው። ልጁ ጨርሶ እምቢ ሲል ግን ወላጅ ብቻ የሚሠለጥንበት መንገድ በር ይከፍታል።

በተግባር ምን ይመስላል? ባለሙያው መጀመሪያ ወላጆችን የሚጠይቀው አንድን ሳምንት በዝርዝር እንዲጽፉ ነው፤ ልጁ ምን ጠየቀ፣ እናንተስ ምን አደረጋችሁለት? ከዝርዝሩ ቀለል ያለ አንድ ነገር ይመረጣል፤ ለምሳሌ ከራት በፊት «እጄ ንጹሕ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት። ከዚያ ልጁ በተረጋጋበት ሰዓት በለስላሳ ቃል ይነገረዋል፤ «ስትፈራ እንደሚከብድህ እናውቃለን፤ እንደምትችለውም እናውቃለን። ከዛሬ ጀምሮ ስለ እጅህ አንዴ ብቻ ነው የምንመልስልህ።» ምሽት ላይ ልጁ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ይመለስለታል። ሁለተኛ ሲጠይቅ እናት «ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ትችለዋለህ» ብላ ትዘጋለች፤ አትቆጣም፣ አትከራከርም፣ አታስረዳም። ልጁ ያለቅሳል፤ ሳህን ሊገፋ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበፊቱ ይብሳሉ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚያቋርጠውም እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ነው ባለሙያው አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያለበት።

የመጋፈጡ መሰላል ደግሞ ለብቻው ይሠራል። የመጀመሪያው ደረጃ የበሩን እጀታ ነክቶ ጥቂት ደቂቃ ሳይታጠቡ መጫወት ሊሆን ይችላል፤ ቀጥሎ መጫወቻ ከወለል አንስቶ መያዝ፤ ቀጥሎ ጓሮ ወርዶ አፈር መንካት፤ በመጨረሻም እንደ ማንኛውም ልጅ አንዴ ታጥቦ እንጀራውን ራሱ ቆርሶ መብላት። በየደረጃው ልጁ ይመሰገናል፣ ኮከብ ይለጠፍለታል። ለሕመሙ ስም ማውጣትም በሰፊው የተለመደ ዘዴ ነው። ልጁ «አስጨናቂው» ወይም ሌላ የመረጠውን ስም ይሰጠዋል፤ እናትና ልጅ በአንድ ወገን ሆነው ይገጥሙታል። ትንሽ ቢመስልም ቤቱን ከጠብ የሚያወጣው ይህ ነው፤ ልጁ ጥፋተኛ መባሉ ይቀርለታል።

ይህ ሕክምና አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ዘንድ እንዴት ሊደርስ እንደሚችል ለማየት አሁን ነታንያን እንይ። በባሕር ዳር የተዘረጋችው ይህች ከተማ በእስራኤል ከፍተኛ ቁጥር ያላቸው ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ ከ10 ሺህ በላይ የቤተ እስራኤል ተወላጆች በሄፍጺባና በሌሎች ሰፈሮች ይኖሩባታል። በ1984 እና 85 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በልጅነታቸው የመጡት ዛሬ ወላጆች፣ አንዳንዶቹም አያቶች ናቸው። በአንድ ቤት ውስጥ ዕብራይስጥ ብቻ የሚናገር ልጅ፣ ሁለቱንም የሚናገሩ ወላጆች፣ አማርኛ ወይም ትግርኛ ብቻ የሚቀናቸው አያት ይገኛሉ።

የሕክምናው መዋቅር በወረቀት ላይ ሙሉ ነው። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ጤና ሕክምና ኃላፊነት ከመንግሥት ወደ አራቱ የጤና መድን ድርጅቶች (ኩፓት ሆሊም)፣ ማለትም ወደ ክላሊት፣ ማካቢ፣ ሜዑሔዴትና ሌዑሚት ተዛውሯል፤ ልጅም በብሔራዊው የጤና መድን በኩል የመታከም መብት አለው። ለነታንያ ቅርብ የሆነው የአእምሮ ሕክምና ማዕከል ሌቭ ሃሻሮን ነው፤ ፔታሕ ቲክቫ ደግሞ ሽናይደር የሕፃናት ሆስፒታል አለ። መዋዕለ ሕፃናትና ትምህርት ቤቶች የማዘጋጃ ቤቱ የሥነ ልቦና አገልግሎት አላቸው። ችግሩ ወረፋው ነው። በኩፓት ሆሊም በኩል የልጆች ሥነ ልቦና ሕክምና ለማግኘት ወራት መጠበቅ በመላ እስራኤል የታወቀ ነው፤ በግል የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ የአንድ ጽዳት ሠራተኛ እናት አቅም አይደለም። ወላጅን የሚያሠለጥን ሕክምና የዚህን ወረፋ ከፊሉን ሊያቃልል ይችላል፤ በቡድንም፣ በስክሪንም ይሰጣልና።

ወረፋው ካለፈም በኋላ ቋንቋው ይጠብቃል። ይህ ሕክምና በቃል ጥራት ላይ የቆመ ነው፤ እናት ማታ የምትለው አንድ ዓረፍተ ነገር የክኒን ያህል መጠን አለው። ለአዋቂ የደም ግፊት መድኃኒት በአስተርጓሚ ሊታዘዝ ይችል ይሆናል፤ «ፍርሃቱን ተቀበዪ፣ ፍላጎቱን ግን አትፈጽሚ» የሚለውን ስስ ልዩነት ግን በተሰባበረ ቋንቋ ማስረዳት አይቻልም። በ1998 ሐዴራ ላይ በዶክተር ዓናት ያፌ የተመሠረተው ቴኔ ብሪዑት የተባለ ድርጅት ለማኅበረሰቡ የጤና ትምህርትና የአማርኛ ትርጉም በመስጠት የታወቀ ነው። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ ተቋማት አገልግሎታቸውን ከታካሚው ቋንቋና ባህል ጋር እንዲያጣጥሙ አዟል። መመሪያው ካለ ወላጅ ሊጠቀምበት ይገባል። የሚያሳዝነው ዛሬም አንዳንድ ቤት አስተርጓሚው ታማሚው ልጅ ራሱ መሆኑ ነው።

ከቋንቋው ይልቅ የሚጠልቀው ግን የንጽሕና ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ የቤተ እስራኤል መንደሮች ንጽሕና የሃይማኖት ሕግ ነበር። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ 7 ቀን በመርገም ጎጆ ትቆያለች፤ ወንድ የወለደች 40፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ትለያለች፤ ከሌላ እምነት ሰው ጋር የተነካካ በወንዝ ውሃ ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም። ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» ይሏቸው የነበረው በዚህ ነው። በዚያ ሥርዓት ያደጉ አያት የልጅ ልጃቸው ሲታጠብ ቢያዩ መጀመሪያ የሚታያቸው ጨዋነቱ ነው፤ «ልጁ ንጹሕ ነው፣ ለምን ትከለክሉታላችሁ?» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ይሁን እንጂ ሕጉና ሕመሙ ይለያያሉ። የኦሪት ሕግ መጠን አለው፤ ቀኑ ይቆጠራል፣ ወንዝ ይወረዳል፣ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ሰውዬው ነጽቷል፣ አለቀ። ኦሲዲ «አለቀ» አያውቅም። በኢየሩሳሌም የጥብቅ ሃይማኖተኛ አይሁድ (ሐረዲ) ሰፈሮች ለረጅም ዓመታት የሠሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ዴቪድ ግሪንበርግና ኤሊዔዘር ዊትዝቱምም ይህንኑ አስተውለዋል። ሕመምተኛው ሕጉ ከሚጠይቀው አልፎ ይሄዳል፤ በአንዷ ትእዛዝ ላይ ሌት ተቀን ሲጨነቅ ሌሎቹን ይዘነጋል። ሃይማኖት ለፍርሃቱ ይዘት ይሰጠዋል እንጂ ሕመሙን አይወልደውም። እነሱ ከረቢዎች ጋር ተመካክረው እንደሠሩት ሁሉ፣ ነታንያ ላይም አንድ የቤተ እስራኤል ቄስ «ሕጉ ይህን አይጠይቅም፤ አንዴ መታጠብ ይበቃል» ቢሉ ያ ቃል በአያት ፊት ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

አያት ከሕክምናው ውጭ ሲቀሩ ሕክምናው ይፈርሳል። ወላጆች ጸንተው «አንዴ ብቻ» ሲሉ፣ ልጁ ወደ ሌላኛው ክፍል ሮጦ አያቱን ይጠይቃል፤ እሳቸውም አንጀታቸው አልችል ብሎ ይመልሱለታል። ተቃራኒው ግን የማኅበረሰቡ ትልቅ ሀብት ነው። ኦሜርና ሌቦዊትዝ ወላጆች ብቻቸውን እንዳይቆሙ ዘመድና ወዳጅ እንዲያሰልፉ ይመክራሉ፤ አጎት ይደውላል፣ አክስት ትመጣለች፣ «እንደፈራህ ሰማሁ፤ ያም ሆኖ እንደሞከርክ ሰማሁ፤ ኮራሁብህ» ይሉታል። ብዙ አውሮፓዊ ቤተሰብ ይህን ደጋፊ ፈልጎ ያጣል። ለነታንያ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ግን ቡና ሲፈላ ደጋፊው ሳይጠራ ይመጣለታል፤ የጎደለው ለተሰበሰበው ዘመድ ምን ማድረግ እንዳለበት በራሱ ቋንቋ የሚነግረው ሰው ነው።

እምነት ማጣትም አለ፤ ምክንያትም አለው። በጥር 1996 ኢትዮጵያውያን የለገሱት ደም በምስጢር ሲጣል እንደነበር መታወቁ ያስከተለው ቁጣ ከማኅበረሰቡ ልብ አልጠፋም። «ልጄን ሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ብወስደው እብድ ይሉታል፣ ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቤቴ ይገባል» የሚል ስጋት ያላቸው ወላጆች አሉ። እንዲህ የፈራን ወላጅ «ችግሩ አንተ ነህ» የሚል በሚመስል ንግግር መቀበል ጥፋት ነው። ወላጁን ማሠልጠን የተፈለገው በልጁ ላይ ከማንም በላይ አቅም ያለው እሱ ስለሆነ ነው፤ ሕመሙን ያመጣው እሱ ስለሆነ አይደለም። ይህ በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መነገር አለበት።

የሕክምናው ወሰንም ግልጽ ይሁን። ምልክቱ የከበደበት ልጅ መድኃኒት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ሰርትራሊን በአሜሪካ ለኦሲዲ ከ6 ዓመት ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ክሎሚፕራሚን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ምልክቱ በድንገት፣ በተለይ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ በቀናት ውስጥ ከፈነዳ ሐኪም ቶሎ ሊያየው ይገባል። እናት ወይም አባት ራሳቸው ኦሲዲ ካለባቸው እነሱም መታከም አለባቸው። ጥቂት ምክር ሰጥቶ መሸኘትም ሕክምና አይባልም፤ በ2011 በ124 ልጆች ላይ የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ መድኃኒት ላይ አጭር መመሪያ ብቻ የተጨመረላቸው 34 በመቶ ያህሉ ሲሻላቸው፣ ሙሉው የልምምድ ሕክምና የተጨመረላቸው 69 በመቶ ያህሉ ተሽሏቸዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሕፃናት ሥነ አእምሮ ባለሙያ እጅግ ጥቂት ነው፤ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የመላ አገሪቱን ሸክም ሲሸከም ኖሯል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ችግር ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በአዲስ አበባና በገጠር ተሞክሯል፤ ያሠለጠኑትም ልዩ ሐኪሞች ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። ጉዳዩ ሌላ ሕመም ቢሆንም፣ የሕፃን ሕክምናን በአማርኛ ለወላጅ ማስተማር እንደሚቻል በተግባር ታይቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ የተቻለው ነታንያ ላይ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

የነታንያ ኩፓት ሆሊሞች ይህን ሕክምና የሠለጠነ፣ አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ይመድቡ፤ የወላጆች ቡድን በምሽት ሰዓት ይክፈቱ። የእስራኤሉ ሬዲዮ ሬካ የአማርኛ ስርጭቱን ለዚህም ያውለው። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ለሳምንታት ያለማቋረጥ የሚታጠብ፣ የሚፈትሽ ወይም ያንኑ የሚጠይቅ ከሆነ «ሲያድግ ይተወዋል» ብላችሁ አትጠብቁ። የሕፃናት ሐኪሙን አነጋግሩ፤ «መጋፈጥና ድርጊቱን መከልከል» የሚያውቅ፣ ወላጅን የሚያሠለጥን ባለሙያ ስጡን በሉ። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስትሄዱም አያትን ይዛችሁ ሂዱ።